የላሟ ቲቢ ከየት መጣ?

ቄራ ውስጥ የሥጋ መርማሪው የታረደችውን ላም ሳንባና ንፍፊቶች በቢላ እየሰነጠቀ ያያል። እንደ ደረቀ አይብ የሚፈረፈር ቢጫ ቋጠሮ ካጋጠመው የከብት ቲቢ ይጠረጥራል። በሽታው ከጎረቤት በረት ይምጣ፣ ከተገዛች ጊደር ጋር ይግባ፣ ወይስ እዚያው ግቢ ለዓመታት ተደብቆ ይኑር፣ ቢላው አይነግረውም።

ይህን ለማወቅ ከቋጠሮው ናሙና ይወሰዳል። አዲስ አበባ የሚገኘው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ይህን ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ባክቴሪያው፣ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ፣ ዘገምተኛ ነው፤ ግሊሰሮል ስለማይስማማው ፓይሩቬት በተጨመረበት፣ ከእንቁላል በተዘጋጀ ማብቀያ ላይ ይዘራል። እስኪያድግ ሳምንታት ይፈጃል።

ከዚያ የሚከተለው እ.ኤ.አ. በ1997 የተዋወቀው ስፖሊጎታይፒንግ ነው። በባክቴሪያው ዘረመል አንድ ሥፍራ ላይ ተመሳሳይ ድግግሞሾች አሉ፤ በመካከላቸውም አንዱ ከሌላው የማይገጥም አጫጭር ቁራጮች ተሰክተዋል። ምርመራው 43 ቁራጮችን ይፈልጋል፤ የተገኘው ጥቁር፣ የጠፋው ነጭ ሆኖ በአንድ መስመር ይነበባል። በቦቪስ የመጨረሻዎቹ አምስቱ አይገኙም፤ ከሰው ቲቢ ለመለየት ትልቁ ምልክት ይህ ነው።

የጠፋ ቁራጭ ተመልሶ አይገኝም። የዘዴው ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጉድለቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚወረስ የዘር ሐረግን ያሳያል። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ያሉት የጎደሉበት ወገን «አፍሪካ 2» ይባላል፤ በኢትዮጵያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በቡሩንዲ ተገኝቷል። በአገራችን ከብቶች በብዛት የታየው ዓይነት ደግሞ ኤስቢ1176 ተብሎ ተመዝግቧል።

ችግሩም ከዚሁ ይነሳል። አንድ ዓይነት በየቦታው ሲገኝ የትኛው በረት ለየትኛው እንዳስተላለፈ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አሁን 4.3 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት መላው ዘረመል ይነበባል። በአማካይ በዓመት አንድ ፊደል እንኳ ስለማይለወጥ፣ ከሁለት ላሞች የተገኙ ባክቴሪያዎች በጥቂት ፊደላት ብቻ ከተለያዩ በሽታው በቅርቡ ከአንድ ምንጭ ተነስቷል ማለት ነው።

ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አገር የከብት ቲቢ የሰው ጤናም ጉዳይ ነው። ነገር ግን ጊደሯ ከማን እንደተገዛች ካልተጻፈ የዘረመሉ ውጤት ዝምድናን ይነግረናል እንጂ መንገዱን አያሳየንም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ የወተት እርባታዎች ጊደር ገዝቶ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወስድ ሰው ቢያንስ የሻጩን በረትና የጆሮ ቁጥሯን ሊመዘግብ፣ ከመጫኗ በፊትም በቆዳዋ ቱበርክሊን የተባለውን የቲቢ መመርመሪያ ተወግታ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ እንዲለካ ሊጠይቅ ይገባል።