ቤትን በቤኪንግ ሶዳ ማጽዳት፦ የሚችለውና የማይችለው

ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ እናቶች ደጋግመው ከሚነግሩን ነገሮች አንዱ የበረኪና ሽታ ነው። «ያስለኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፤ ቤቴን በምን ላጽዳ?» ይላሉ። በተለይ ጊፋታ ሲቃረብ፣ ባል ለበሬው ገንዘብ ሚስት ደግሞ ቅቤ ሲያጠራቅሙ ከርመው ቤቱ ከጓዳ እስከ ደጅ በሚጸዳበት ሰሞን ጥያቄው ይበዛል። ጎረቤት የምትሰጠው መልስም «ቤኪንግ ሶዳ ይበቃሻል» የሚል ነው። እውነት ይበቃል?

ቤኪንግ ሶዳ ሶዲየም ባይካርቦኔት የተባለ ለስላሳ ነጭ ዱቄት ነው። ቅባትን ያላቅቃል፣ ሲፈትጉበትም ዕቃ እምብዛም አይጭርም። እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት አመድ ቅባት የሚያነሳው ተመሳሳይ ጠባይ ስላለው ነው። ከአብያታ ሐይቅ ሲወጣ የቆየው ሶዳ አሽም ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለፋብሪካ እንጂ ለወጥ ቤት አይሆንም።

ድስት ሲያርባችሁ ሶዳውን ነስንሳችሁ በጥቂት ውሃ አርጥቡና ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ከዚያ ፈትጉት። የአልሙኒየም ድስት ከሆነ ግን ስለሚጠቁር ቶሎ እጠቡት። ቆጮ የተቀመጠበት ማቀዝቀዣ ሲሸት በትንሽ ሳህን ክፍቱን ማስቀመጥ ይረዳል። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ለሚጋገር ነጭ ቅርፊት ግን ሎሚ ይሻላል። ሶዳን ከአቼቶ ጋር መደባለቅ የሚወዱ አሉ። አረፋው ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ኃይል ስለሚያጠፋ የሚተርፈው በአብዛኛው ውሃና ጨው መሰል ነገር ነው።

ሶዳ የማይችለው ተህዋስያንን መግደል ነው። በእኛ አገር ቁርጥ ይወደዳል፤ ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበትን መክተፊያ በሶዳ ብቻ ፈትጎ ጎመን መክተፍ ተቅማጥ መጋበዝ ነው። መክተፊያው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ከዚያም 5 በመቶ የሆነ በረኪና ካላችሁ 2 የሻይ ማንኪያ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አርጥቡት፤ ጥቂት ቆይታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና አድርቁት። (ነፍሰ ጡር ሴት ጥሬ ሥጋውን ራሱን ብትተወው ይሻላል፤ ይህን ስንናገር ባሎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ።)

እንግዲህ በረኪና ከቤት አይወጣም ማለት ነው። በረኪና ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽንት ባለበት የሕፃን ጨርቅ ላይ ሲፈስም የሚያፍን ጋዝ ይፈጠራል፤ ስለዚህ ጨርቁ አስቀድሞ በውሃ ይለቅለቅ። በር ይከፈት። ሚስት ካረገዘች ደግሞ የበረኪናው ሥራ የባል ይሁን።

ሌላው ስጋታችን ስሙ ነው። «ሶዳ» ሲባል አንዱ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሌላው ኮስቲክ ሶዳ ሊሆን ይችላል። ኮስቲክ ሶዳ ሳሙና የሚሠራበት ሲሆን ቆዳን፣ ዓይንንና ጉሮሮን ያቃጥላል። ሁለቱም ነጭ ናቸው። ስም ያልተጻፈበት ፌስታል ውስጥ ያለ ነጭ ዱቄት አትግዙ።

ሶዳ ለሰውነት ማጽጃ አይደለም። ብልትን በውስጥ በኩል በሶዳ ወይም በሎሚ መታጠብ እርግዝናን አይከላከልም፤ የብልትን የተፈጥሮ መከላከያ ግን ያዛባል። በእርግዝና ጊዜ ለቃር ብሎ ሶዳ በጥብጦ መጠጣትም አይመከርም፤ ሶዲየም ስለሚበዛበት የደም ግፊት ላለባትና እግሯ ለሚያብጥ እናት ይብሳል። ለቃር የሚሆን መድኃኒት አለ፣ ጠይቁን።

በረኪናም ሆነ ኮስቲክ ሶዳ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው። ምናልባት ከጠጣ እንዲያስመልሰው ጣት አትክተቱበት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥላል። አፉን በውሃ አለቅልቁለት። ዓይኑ ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አምጡት፤ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ኑ፣ ምን እንደጠጣ የምናውቀው ከእሱ ነው።