ቴምብሩ እንጂ ደብዳቤው አይደለም

ብልቃጧ የጣት ጫፍ ብታክል ነው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያይዋት ባዶ ትመስላለች፤ አተኩሮ ላየ ግን ውስጧ እንደ ደረቀ የሳሙና አረፋ ስስ ነጭ ነገር ተለጥፏል። 100 ማይክሮግራም ነው፤ ከሁለት ፍሬ የገበታ ጨው አይበልጥም። ጎኗ ላይ «ኤችአይቪ-1 ጂፒ120» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህን ያነበበ አዲስ ተማሪ እጁን ሰብሰብ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

«ይሄ እኮ ቫይረሱ ነው!» ይላል። አይደለም። ቫይረሱ የሚባዛበት መመሪያ የተጻፈው በአር ኤን ኤ ላይ ነው፤ ጂፒ120 ግን በቫይረሱ ሽፋን ላይ ከቆሙት እሾሆች የውጨኛው ክፍል ብቻ ነው። ቴምብር ከፖስታ ልጦ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከመሳቢያው ግን ደብዳቤ አይወጣም።

ከታማሚ ደም ተጣርቶ ይወጣል የሚሉም አሉ። የሚወሰደው ግን የፕሮቲኑ ዘረ መል ብቻ ነው። ያ ዘረ መል ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1957 ሐምስተር ከተባለች አይጥ መሰል እንስሳ እንቁልጢ ተወስደው እስከ ዛሬ በሚባዙ ሴሎች ውስጥ ይገባል። ሴሎቹ ፕሮቲኑን ሠርተው ወደሚያድጉበት ፈሳሽ ይለቁታል፤ ከዚያ ይጣራል። ርካሹ ባክቴሪያ ለምን አይሠራውም? የጂፒ120 ግማሽ ያህሉ ክብደት ስኳር ስለሆነ ነው። ቫይረሱ ይህን ስኳር የሚያገኘው ከያዘው ሰው ሴል ነው፤ የቤቱን ሰው ጋቢ ተከናንቦ እንደሚገባ ሌባ ማለት ነው። ባክቴሪያ ይህን ጋቢ መሸመን አይችልም።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ቫይረስ ካልሆነ ፕሮቲኑን በክትባት ሙከራ የተወጋ ጤነኛ ሰው ሲመረመር ለምን ፖዘቲቭ ይወጣል?» እውነት ነው፤ ሊወጣ ይችላል፣ ለዓመታትም ሊቆይበት ይችላል። ምክንያቱን ለማየት ኤላይዛ የተባለው የአንቲቦዲ ምርመራ የሚሠራበትን ጠረጴዛ መጎብኘት ይበቃል። 96 ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ላይ ፕሮቲኑ አስቀድሞ ይለጠፋል። የሰውየው ሴረም ይጨመርበታል፣ ይቆያል፣ ይታጠባል። አንቲቦዲ ካለ ፕሮቲኑን ጨብጦ ይቀራል፤ በመጨረሻ የሚጨመረው ቀለምም ጉድጓዱን ቢጫ ያደርገዋል። ሳህኑ የሚጠይቀው «ሰውነትህ ይህን ፕሮቲን ያውቀዋል ወይ?» ብሎ ነው። የተወጋው ሰው ሰውነት ደግሞ ያውቀዋል። ቫይረሱ መኖር አለመኖሩን የሚለየው የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልግ ምርመራ ነው።

ባለሙያዎችን ሳይቀር ዋጋ ያስከፈለው ግን ብልቃጥ ውስጥ ያለውንና ቫይረሱ ላይ ያለውን አንድ አድርጎ ማየት ይመስለኛል። ቫይረሱ ላይ ሦስት ጂፒ120 ጂፒ41 ከተባሉ ሦስት ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተቃቅፈው ይቆማሉ። ብቻውን የተሠራው ጂፒ120 በእቅፉ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረውን ጎኑን ጭምር ያሳያል፤ ሰውነት የማያስፈልገውን ገጽታ ይማራል። በጂፒ120 ብቻ የተሠራው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ በሆነው ውጤት አልተከላከለም። ከ16,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የታይላንድ ጥምር ክትባት የመከላከል አቅም በ2009 ወደ 31 በመቶ ደረሰ። ኢትዮጵያ ውስጥም በብዛት ለሚገኘው፣ ሲ ለተባለው የቫይረሱ ንዑስ ዓይነት የተዘጋጀው የደቡብ አፍሪካ ሙከራ ግን ውጤት ስላልታየበት በ2020 ቆመ። ሦስቱን እንደተቃቀፉ አሥሮ የሚያቆየው ሶሲፕ የተባለው ቅርጽ በዝርዝር የታየው በ2013 ነው።

«እንግዲያው ምንም አያደርግም» ማለትም ሌላ ስህተት ነው። ጂፒ120 በብርጭቆ ሳህን ላይ የሚያድጉ የነርቭ ሴሎችን ሲጎዳ ታይቷል። ጓንት አይወልቅም፤ «ለምርምር ብቻ» የሚለው ጽሑፍም ለጌጥ አልተለጠፈም።

ተማሪው አሁን ብልቃጧን ለመክፈት ቸኩሏል። መጀመሪያ ሴንትሪፊውጅ ላይ ትሽከርከር። ዱቄቱ በጉዞ ላይ ክዳኑ ሥር ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲሁ ከከፈታት የሁለት ፍሬ ጨው ያህሉ ፕሮቲን ከክዳኑ ጋር ይሄዳል።