ያለ ዕድሜ ማረጥ እና በዘር የሚተላለፉ መንስኤዎቹ

አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል የሚገኝበት አካል፣ ከ40 ዓመት በፊት ሥራው ሲዳከም ወይም ሲቋረጥ ያለ ዕድሜ ማረጥ ይባላል። የካንሰር ሕክምና፣ ቀዶ ሕክምና ወይም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት መዛባት ሊያስከትለው ይችላል፤ በብዙዎች ላይ ግን መንስኤው ሳይታወቅ ይቀራል። ከሚታወቁት መካከል የዘረመል መንስኤዎች የተለየ ትኩረት ይሻሉ፤ ጉዳዩ ከታካሚዋ አልፎ ቤተሰቧንም ሊመለከት ይችላልና።

ሴት ልጅ በተለምዶ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ይዛ ትወለዳለች። ከሁለቱ አንዱ በሙሉ ወይም በከፊል ሲጎድል ተርነር ሲንድረም ይባላል። በዚህ ጊዜ እንቁላሎቿ በልጅነቷ ስለሚመናመኑ የወር አበባ ጨርሶ ላይመጣ ወይም ጀምሮ ቶሎ ሊቋረጥ ይችላል። ቁመቷም አጭር ይሆናል። ይህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም።

በቤተሰብ ውስጥ የሚተላለፈው ሌላ ነው። በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ኤፍኤምአር-1 የተባለ ጂን አለ፤ በውስጡ አንድ አጭር የዘረመል ቅደም ተከተል ይደጋገማል። ድግግሞሹ ከ55 እስከ 200 ከደረሰ ተሸካሚነት ይባላል። ከአምስት ተሸካሚ ሴቶች አንዷ ገደማ ያለ ዕድሜዋ ታርጣለች። ድግግሞሹ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከ200 ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ በተለይ በወንዶች ልጆች ላይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የሚያስከትለው ፍራጃይል ኤክስ ሲንድረም ይከሰታል። ተሸካሚ አባትም ጂኑን ለሴቶች ልጆቹ ሁሉ ያስተላልፋል። ስለዚህ የእናትን ወገን ብቻ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ የአክስቶችና የአያቶች ታሪክ፣ በቤተሰቡ ያሉ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ወንዶች ጭምር፣ ለሐኪም ሊነገር ይገባል።

ልጅ ባለመውለዷ የምትወቀስ ሴት ጥቂት አይደለችም። የዘረመል መንስኤ ግን በአመጋገብ፣ በባሕርይ ወይም የእርግዝና መከላከያ በመጠቀም የሚመጣ አይደለም።

ዕድሜዎ ከ40 በታች ሆኖ፣ እርጉዝ ሳይሆኑ የወር አበባዎ ለሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ከተቋረጠ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የሆርሞን መጠን በደም ምርመራ ይለካል። የጡት ካንሰርን የመሰለ ክልከላ ከሌለ የሆርሞን ሕክምና እስከ ተለመደው የማረጫ ዕድሜ ድረስ ይሰጣል፤ አጥንትንና ልብን ይጠብቃልና። ያለ ዕድሜ ማረጥ ከተረጋገጠ በኋላም ከ100 ሴቶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ያለ ሕክምና ሊያረግዙ ስለሚችሉ፣ እርግዝና የማይፈልጉ ከሆነ ስለ መከላከያ ከባለሙያ ጋር ይነጋገሩ።