የናስር ሲቲ የሌሊት መምህራን

ከካይሮ መካከል ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ የሚገኘው ናስር ሲቲ፣ በገማል አብዱልናስር ዘመነ መንግሥት በበረሃው ዳርቻ የተቆረቆረ ሰፊ ሠፈር ሲሆን፣ ስሙ በሩቅ አገር ይበልጥ የተሰማው ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት በ1981 እ.ኤ.አ. የጦር ሰልፍ ሲመለከቱ በተገደሉበት አደባባይ ምክንያት ነው፤ እኛ ግን ለአንባቢ ልናስተዋውቀው የምንወደው፣ ከዚያ የታሪክ ሁካታ ርቆ በየፎቁ ክፍል ሌሊቱን ሲሠራ የሚያድረውን፣ ቁርኣንንና የዓረብኛን ልሳን በኦንላይን ቪዲዮ ለባሕር ማዶ ደቀ መዝሙር የማስተማር ሙያ ነው።

ሙያው በዚህ ሠፈር የበቀለበት ምክንያት አለው፤ በ10ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተው የእስልምና ትምህርት ቤት አል አዝሃር፣ በ1961 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ሕክምናና ምሕንድስና ተጨምረውለት የዘመናይ ዩኒቨርሲቲ መልክ ሲይዝ፣ ሰፊው ግቢው የተዘረጋው በናስር ሲቲ ነውና፣ ከየአህጉሩ የመጣ ተማሪና ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ በዙሪያው ሰፈረ፤ ዓረብኛ ለባዕድ የሚያስተምሩ ቤቶችም አብረው በቀሉ። (የእኛም አገር ሰው ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም፤ በጥንቱ የአል አዝሃር መስጊድ የጀበርቲ ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበረው፤ የግብፅን ዜና መዋዕል የጻፈው አብዱረሕማን አል ጀበርቲም የዘር ሐረጉ ከዚያው ወገን ነው።)

ቪዲዮ ለዚህ ትምህርት የተስማማው ትምህርቱ ከጥንት ጀምሮ ከአንደበት ወደ ጆሮ የሚተላለፍ በመሆኑ ነው። ዷድ የሚባለው የዓረብኛ ፊደል የምላስ ጎን ከመንጋጋ ጥርስ ጋር ተገናኝቶ የሚወለድ ስለ ሆነ፣ መምህሩ የልጁን አፍ ካላየ፣ ልጁም የመምህሩን ካልተመለከተ፣ መጽሐፍ ብቻውን አያቀናውም፤ በዩቲዩብ የተቀመጠ ቅጂም ሺህ ጊዜ ቢደመጥ የተማሪውን ስሕተት ሰምቶ አያርምም። ስለዚህ በናስር ሲቲ ዩቲዩብና ፌስቡክ ደንበኛ የሚጠራባቸው አደባባዮች ሲሆኑ፣ ትምህርቱ ራሱ በዙም፣ ፊት ለፊት፣ አንድ ለአንድ ይሰጣል።

ሥራ ፍለጋውም በዚሁ መንገድ ነው። አመልካቹ ከማመልከቻው ጋር የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ይልካል፤ በእንግሊዝኛ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ጥቂት አንቀጽ በተጅዊድ፣ ማለት በቁርኣን አነባበብ ሥርዓት፣ ያነባል፣ ከዚያም ከመምህር ወደ መምህር ወደ ላይ የሚቆጠረውን የማስተማር ፈቃዱን፣ ኢጃዛውን፣ ያሳያል፤ ይህም የእኛ የድጓ መምህር በአገራችን ወዳለችው ቤተ ልሔም ወርዶ ከሚያስመሰክረው ጋር የሚነጻጸር የሊቃውንት ማኅተም ነው። ቪዲዮው ድምፅንና ዕውቀትን በግልጽ ስለሚያሳይ ከወረቀት የተሻለ ዳኛ ይመስለኛል፤ ነገር ግን እንግሊዝኛው የተሰባበረበት ታላቅ የቁርኣን አንባቢ (ቃሪእ)፣ ፈገግታው ባማረ ጀማሪ ሲቀደም ማየቱ ደስ አያሰኝም።

ሰዓቱ ከባድ ነው። በኒውዮርክ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲቀመጥ በካይሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል፤ በካሊፎርኒያ እንደሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ይህን ድካም የሚያስችለው የገንዘቡ ነገር ነው፤ የግብፅ ፓውንድ በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ከገበያው ጋር እንዲዋዥቅ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው እየወረደ፣ በመጋቢት 2024 ዶላር ከ31 ፓውንድ ገደማ ወደ 50 ገደማ በአንድ ጊዜ ስለ ዘለለ፣ ከውጭ የሚመጣ ጥቂት ዶላር በቤት ውስጥ ብዙ ሆነ። መካከል የሚገባው አካዳሚ የሚባለው ድርጅት ግን ከተማሪው በዶላር ተቀብሎ ለመምህሩ በሰዓት በፓውንድ መክፈልን ይመርጣል፤ አንዳንዱም መምህሩ ስልክ ቁጥሩን ለተማሪው እንዳይሰጥ በውል ያስረዋል።

ከዚህ ቀንበር ወጥቶ የራሱን ቻናል የሚከፍት መምህር ደግሞ ከመንግሥት ጋር ይገናኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የግብፅ ሕግ ቁጥር 180፣ 5,000 ተከታይ ያለውን የግል ገጽ እንደ ብዙኃን መገናኛ በመቈጣጠሪያ ምክር ቤት ሥር ያውለዋል፤ የእኛም የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ቅጣቱን የሚያከብደው ተከታዩ ከዚሁ ቁጥር ሲያልፍ መሆኑ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው። የግብፅ ግብር መሥሪያ ቤትም በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስታወቂያ በኢንተርኔት ቪዲዮ የሚተዳደር ሁሉ እንዲመዘገብ ጠርቷል፤ ገቢው በዓመት 500,000 ፓውንድ የደረሰም ለተጨማሪ እሴት ታክስ ይመዘገባል።