የውሃ ፖሎ ተጫዋቾች ትከሻ ለምን ይጎዳል?

የውሃ ፖሎ ለማታውቁት፣ ዋናና የእጅ ኳስን ደባልቆ ገንዳ ውስጥ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ሰባት ለሰባት ሆነው፣ ስምንት ስምንት ደቂቃ አራት ጊዜ ይጫወታሉ። ከበረኛው በቀር ኳሱን በሁለት እጅ መያዝ፣ የገንዳውን ወለል መርገጥም ክልክል ነው። ታዲያ ሸክሙ ማን ላይ ይወድቃል? አንድ ትከሻ ላይ!

👉 የሚረገጥ መሬት የለም
ድንጋይ ስንወረውር ጉልበቱ የሚነሳው ከእግራችን ነው። መሬቱን ገፍተን፣ ወገባችንን አዙረን ነው ክንዳችን ጋ የሚደርሰው። ውሃ ውስጥ ግን ተጫዋቹ እግሩን እያሽከረከረ ነው ከፍ የሚለው። እግርና ወገቡ ሲደክም የጎደለውን የሚሞላው ትከሻው ነው።

👉 ጡንቻዎቹ አይመጣጠኑም
ዋናውም ውርወራውም ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩትን የደረትና የጀርባ ጡንቻዎች ያፈረጥማል። ከውርወራ በኋላ ክንዱን የሚያቆሙት ከትከሻ ኋላ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ግን በዚያው ልክ አይጠነክሩም። ሞተሩ ተቀይሮ ፍሬኑ የድሮው የቀረ መኪና በሉት።

👉 የትከሻው አዟዟር ይቀየራል
ለዓመታት የወረወረ ትከሻ ወደ ኋላ ብዙ ይዞራል፣ ወደ ውስጥ መዞሩ ግን ይቀንሳል። ከጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ከክንዱ ጋር አብሮ በደንብ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ጅማቶች ይጎዳሉ።

👉 ብዛትና ትግል
ያለ በቂ እረፍት በተከታታይ ወደ ጎል መወርወር ሕመሙን ያብሰዋል። በዚያ ላይ ሊወረውር ክንዱን ሲያነሳ ተከላካይ ይጎትተዋል።

ትልቁ ችግር ግን "ትከሻ ማመም የስፖርቱ ባሕርይ ነው" ተብሎ ዝም መባሉ ነው። አንዴ ተጎድቶ ሳያገግም የተመለሰ ተጫዋች ድጋሚ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል።

ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ነገር ቀድሞ ይታያል። ከውድድር በፊት የሁለቱን ትከሻዎች ጥንካሬና አዟዟር ማወዳደር፣ የኋላውን ጡንቻ በላስቲክ ማሠራት፣ በልምምድ ላይ ውርወራ መቁጠር ይቻላል። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ክንድ ማንሳት የሚከለክል ሕመም ካለ ግን ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

እጅ ኳስና መረብ ኳስ የምትጫወቱም ብትሆኑ ነገሩ ይመለከታችኋል። እናንተም ክንዳችሁን ከራሳችሁ በላይ እያነሳችሁ ነው የምትመቱት። ትከሻችሁ እንዴት ነው?