ቆርቆሮ፣ ጭቃና ማይክሮዌቭ

ጣርማበርን አቋርጦ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደ ተንጣለለው የይፋት ቆላ ይገባል። እኩለ ቀን ከሆነ ሸዋ ሮቢት ከሩቅ የምትታወቀው በጣራዎቿ ብልጭታ ነው። ያ ቆርቆሮ ብርሃንን ብቻ አይደለም የሚመልሰው፤ ከቴሌ ምሰሶ የሚነሣውን ማይክሮዌቭም ይመልሳል። ሁለቱም ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገዶች ናቸው፤ የሚለያዩት በርዝመት ነው። በ900 ሜጋኸርትዝ የሚጓዝ የሞባይል ሞገድ 33 ሳንቲ ሜትር፣ በ2,100 የሚጓዘው ደግሞ 14 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል።

ወደ ስልካችን አንዱ ሞገድ በቀጥታ፣ ሌላው ከጎረቤት ጣራ ነጥሮ፣ ሌላው በግንብ ጥግ ታጥፎ ይደርሳል። ጫፍና ጫፋቸው ሲገጥም ይበረታሉ፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ስርጉድ ጋር ሲገጥም ይጠፋፋሉ። በረንዳ ላይ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ሲሉ የተቆራረጠው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለዚህ ነው።

ምሰሶ ሳይተከል ይህን ሁሉ ለማስላት የቆየው መንገድ የልኬት ቀመር ነው። ዮሺሂሳ ኦኩሙራ እ.ኤ.አ. በ1968 በቶኪዮና በአካባቢዋ የተለካውን አወጣ፤ ማሳሃሩ ሃታ በ1980 ወደ ቀመር ቀየረው። ቀመሩ ዓለምን አገልግሏል፤ ግን የሚነግረን አማካዩን ነው፤ እያንዳንዱን ቤት አያውቅም። ሬይ ትሬሲንግ የሚባለው አዲሱ ዘዴ ግን የከተማውን ካርታ በኮምፒውተር ገንብቶ ከአንቴናው እልፍ ጨረሮችን ይለቅቃል፤ እያንዳንዱ ጨረር ግድግዳ ሲነካ ምን ያህሉ እንደሚመለስ፣ ምን ያህሉ እንደሚያልፍ፣ ምን ያህሉ እንደሚበተን ያሰላል። በጥግ ላይ የሚታጠፈውን ለማስላት ጆሴፍ ኬለር በ1962 ያሳተመው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሆኗል።

አስቸጋሪው ብተናው ነው። ሞገድ አንድን ገጽ ለስላሳ ወይም ሸካራ የሚለው በራሱ ርዝመት ለክቶ ነው፤ ፊት ለፊት ሲያርፍ የገጹ ጉብታ ከሞገዱ ርዝመት አንድ ስምንተኛ ካነሰ ለስላሳ ይባላል። እንግዲህ ቆርቆሯችንን እንለካው። የቆርቆሮ እጥፋት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። በ900 ሜጋኸርትዝ አንድ ስምንተኛው 4 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ጣራው መስታወት ነው። በ2,100 ወሰኑ ላይ ይደርሳል። አምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ በሚጠቀምበት 3,500 ግን ያው ጣራ ሸካራ ይሆናል፤ እጥፋቱ እኩል እየተደጋገመ ስለሚሄድም ከፊሉን ኃይል ወደ ሌላ የተወሰነ አቅጣጫ ያሻግራል። የቆርቆሮው መሳሳት ለውጥ አያመጣም፤ ሞገዱ ወደ ብረቱ የሚዘልቀው ከሚሊ ሜትር መቶኛ ላነሰ ጥልቀት ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚገባው በግድግዳ፣ በበርና በመስኮት ነው።

ግድግዳውም የራሱ ጠባይ አለው። ከእንጨት፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ቤት ደረቅ ሲሆን ሞገድን በቀላሉ ያሳልፋል። የውኃ የኤሌክትሪክ ባሕርይ ግን ከደረቅ አፈር እጅግ ስለሚለይ ክረምት ያራሰው ግድግዳ የበለጠ ይመልሳል፣ የበለጠም ይውጣል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሰነድ ውስጥ የኮንክሪት፣ የጡብ፣ የእንጨትና የመስታወት እሴቶች ተዘርዝረዋል። ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ግን እንደ ግድግዳ አልተቆጠረም፤ ሚሊዮኖች የሚኖሩበትን ቤት ስሌቱ ሳያውቀው መቅረቱ ያስቆጨኛል።

የጣሊያኑ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቪቶሪዮ ደግሊ ኤስፖስቲ እ.ኤ.አ. በ2001 መላ አቀረበ፦ እያንዳንዱን ጉብታ ከመቁጠር ይልቅ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚበትን በአንድ ቁጥር መወከል። በ2007 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ልኬት፣ የተበተነው ኃይል በየአቅጣጫው እኩል እንደማይረጭ፣ ይልቁንም ወደ ነጸብራቁ አቅጣጫ እንደሚያደላ አሳየ።

ያ ቁጥር ለይፋት ቤቶችም ሊገኝ ይችላል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከሸዋ ሮቢት 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ሥራውም ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚበቃ ነው። ማሰራጫውን ባለቤቱ ወደ ፈቀደው ግድግዳ አነጣጥሮ፣ ተቀባዩን አንቴና በግማሽ ክብ እያዞሩ በየአቅጣጫው የሚደርሰውን ኃይል መመዝገብ፤ መጀመሪያ በሰኔ መግቢያ ሐሩር፣ ከዚያም ያንኑ ግድግዳ በነሐሴ ዝናብ ማግስት።