ከሌዘሩ በፊት ንድፉ፦ ለቅርጽ ሥራ ንጹሕ ቬክተር እንዴት ይዘጋጃል?

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ደግሞ ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው ይገኛሉ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። የአስተዳደር መጠሪያ ሲለወጥ የበር ሰሌዳ፣ ማኅተምና የአድራሻ ጽሑፍ አብረው ይለወጣሉ። ቀድሞ በመሮና በቀለም ብሩሽ ይሠራ የነበረውን ይህን ሥራ ዛሬ የሌዘር ማሽን እየተካው ነው።

ማሽኑ ግን ማንበብ አያውቅም። ፊደል ይሁን ጭረት፣ ስም ይሁን ስሕተት ሳይለይ የተሰጠውን መስመር ተከትሎ ያቃጥላል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ጽሑፍ እንደገና ይታተማል፤ በአክሪሊክ ወይም በዋንዛ ጣውላ ላይ የተቃጠለ ስሕተት ግን አይፋቅም። የቁሱ ኪሳራ የባለሙያው ነው፤ ሰሌዳው የሟች መታሰቢያ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል። ስለዚህ የሥራው ጥራት የሚወሰነው ጨረሩ ከመብራቱ በፊት፣ በኮምፒውተሩ ፊት ነው።

ፎቶ ለምን አይበቃም?

ደንበኛ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው በስልክ የተነሣና በቴሌግራም የተላከ የዓርማ ፎቶ ነው። ፎቶ ከጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች የተገጣጠመ በመሆኑ ሲጎላ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ቴሌግራም ፎቶን ሲያስተላልፍ መጠኑን ስለሚቀንስ ጉድለቱ ይብሳል። ምስሉን በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት እንዲልክ፣ ከተቻለም ዓርማውን መጀመሪያ ከሠራው ባለሙያ ዋናውን ንድፍ እንዲያመጣ ደንበኛውን መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ቬክተር የሚባለው ንድፍ በሒሳብ ቀመር በሚገለጹ መስመሮችና ኩርባዎች የተሠራ ነው። ለቁልፍ መያዣም ሆነ ለትልቅ የበር ሰሌዳ ቢውል ጥራቱ አይጓደልም። ማሽኑ ፎቶንም በነጥብ በነጥብ እያቃጠለ ማሳየት ይችላል፤ ለሰው ፊት ምስል ይህ መንገድ ተገቢ ነው። ቁስ ለመቁረጥና ጠርዙ የጠራ ጽሑፍ ለመቅረጽ ግን ቬክተር የግድ ነው።

መስመሩን ማጽዳት

ኮረል ድሮው፣ ኢሉስትሬተርና በነጻ የሚገኘው ኢንክስኬፕ ፎቶን ወደ መስመር የሚለውጥ መሣሪያ አላቸው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ጥላውንም የወረቀት እድፉንም እንደ ቅርጽ ይቆጥራል። ስለዚህ አስቀድሞ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ፣ እድፉንም ማጥፋት ይገባል። ከዚያም በኋላ ቢሆን በራሱ የተሰመረው ንድፍ ከሚገባው በላይ በመገጣጠሚያ ነጥቦች የተሞላ ይሆናል። ለአንድ ክብ አራት ነጥብ ሲበቃው፣ በራስ ሰር የተሰመረው በደርዘን የሚቆጠር ሊይዝ ይችላል። ነጥብ ሲበዛ ኩርባው ይንቀጠቀጣል፤ ማሽኑም ይዘገያል። ክብ፣ አራት ማዕዘንና ኮከብን የመሰሉ ቀላል ቅርጾችን በፎቶው ላይ እንደ አዲስ መሳል ከማረም ይልቅ ይፈጥናል።

ቀጥሎ አራት የተለመዱ ጉድለቶች ይፈተሻሉ።

የመጀመሪያው ያልተዘጋ መስመር ነው። መነሻውና መድረሻው ካልተገናኘ ማሽኑ ውስጡን ሞልቶ መቅረጽ ይሳነዋል፤ ለመቁረጥ ከሆነም ቁራጩ አይለቅም። ሁለተኛው ተደራራቢ መስመር ነው። አንዱ በሌላው ላይ በትክክል ሲያርፍ በዓይን አይታይም፤ ማሽኑ ግን ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍበት ጠርዙ ይከስላል። ሦስተኛው ያልተዋሐዱ ቅርጾች ናቸው። እርስ በርስ በተጠላለፈ ሐረግ ያጌጠ የላሊበላ መስቀል ሲሳል ቅርጾቹ ካልተዋሐዱ፣ በተነባበሩበት ቦታ ያልተቃጠለ ክፍተት ይቀራል ወይም የማይፈለግ መስመር ያቋርጣቸዋል። አራተኛው የመስመር ውፍረት ነው። በስክሪኑ ላይ ወፍራም ሆኖ የሚታየውን መስመር ማሽኑ የሚረዳው እንደ አንድ ቀጭን መንገድ በመሆኑ፣ ውፍረቱ ወደ ራሱን የቻለ ቅርጽ መለወጥ አለበት።

እነዚህን ጉድለቶች ለማየት የሚረዳው፣ ቀለሙን አስወግዶ መስመሩን ብቻ የሚያሳየው የፕሮግራሙ ዕይታ ነው።

የግዕዝ ፊደል የሚጠይቀው ጥንቃቄ

የአማርኛ ጽሑፍ ተጨማሪ ፈተና አለው። የፊደሎቻችን ድምፅ የሚለየው በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። «ቤ» ከእግሯ ላይ ቀለበት፣ «ቢ» ደግሞ አጭር አግዳሚ አላት። በትንሽ መጠን ሲቀረጽ ቀለበቱ ከተደፈነ «ቤ» «ቢ»ን ትመስላለች፤ «ሔ»ም ወደ «ሒ» ትጠጋለች። በዚህ መንገድ «ቤተልሔም» የሚለው ስም «ቢተልሒም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የጨረሩ ስፋት ከሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ጀምሮ ስለሆነና ሙቀቱም ዙሪያውን ስለሚነካ፣ በእንጨት ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት የመደፈን ዕድሉ ሰፊ ነው። መፍትሔው ፊደሉን ማሳደግ ወይም ቀለበቱ ሰፊ የሆነ የፊደል ዓይነት መምረጥ ነው።

ጽሑፉ ተቆርጦ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ «መ»፣ «ቀ»፣ «ወ» እና «ዐ» በውስጣቸው የታጠረ ቦታ ስላላቸው፣ በዙሪያው ሲቆረጥ የመሐሉ ቁራጭ ይወድቃል። እንዳይወድቅ ከውጪው ክፍል ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ድልድይ በንድፉ ላይ ይተዋል። ድልድዩ ከቁሱ ውፍረት ባያንስ ይመረጣል።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ወደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይለወጣል። ይህን ለማስቀረት ጽሑፉ ወደ ማሽኑ ከመሄዱ በፊት ወደ መስመር ይለወጣል። አንዴ ወደ መስመር ከተለወጠ ግን ፊደሉን መልሶ በጽሑፍነት ማረም አይቻልም። ስለዚህ አስቀድሞ ማንበብና ሊታረም የሚችለውን ቅጂ ለብቻው ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በእነዚህ ከተሞች ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፋል። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ የአናባቢን ርዝመት ፊደል በመድገም ያሳያል። በቁቤ «ለፈ» መሬት ሲሆን፣ አናባቢዎቹ ተደግመው ሲረዝሙ «ላፋ» ለስላሳ ማለት ይሆናል። የተደገመውን ፊደል የታይፕ ስሕተት መስሎት የሚሰርዝ ባለሙያ ቃሉን ይለውጠዋል። ሁለቱንም ቋንቋዎች አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው ንድፉን ሳያይ ማሽኑ መነሣት የለበትም።

ልኬትና ቅደም ተከተል

ንድፉ በትክክለኛ መጠኑ በሚሊ ሜትር መቀመጥ አለበት። አንድ ፕሮግራም በአንድ ኢንች 72 ነጥብ ቆጥሮ ያስቀመጠውን ፋይል ሌላው በ96 ቢያነበው፣ 100 ሚሊ ሜትር የነበረው ሰሌዳ 75 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይከፈታል። ፋይሉ በማሽኑ ፕሮግራም ውስጥ ከገባ በኋላ ልኬቱን ደግሞ ማየት ይህን ኪሳራ ያስቀራል።

የሚቀረጸውና የሚቆረጠው በተለያየ ቀለም ይለያል፤ ለምሳሌ ጥቁሩ ለመቅረጽ፣ ቀዩ ለመቁረጥ። ቅርጹ ይቀድማል፤ ከዚያ የውስጥ ቀዳዳዎች፣ በመጨረሻም የውጪው ጠርዝ ይቆረጣል። ጠርዙ ቀድሞ ከተቆረጠ ቁራጩ ይንሸራተትና ጽሑፉ ይዛባል። ተራርቀው የተቀመጡ ጽሑፎችን በአንድ ላይ መቅረጽም የማሽኑን ራስ በባዶ ቦታ ስለሚያመላልሰው ጊዜ ይፈጃል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ሥራው በቶሎ ማለቁ ሰሌዳውን ከብልሽት ያድናል።

የጎማ ማኅተም ንድፍ የተገላበጠ መሆን አለበት፤ የሚቃጠለውም ጽሑፉ ሳይሆን ዙሪያው ነው። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ከሆነ ሥራው ያለ ተቋሙ ሕጋዊ ደብዳቤ አይጀመርም።

ከመቅረጽ በፊት

ቁሱም መታወቅ አለበት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ለእንጨት፣ ለአክሪሊክና ለቆዳ ይስማማል፤ ናስና ስቴንለስ ስቲል ግን የፋይበር ሌዘር ይሻሉ። ፒቪሲና ከእርሱ የተሠራ ሰው ሠራሽ ቆዳ ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳና ማሽኑን የሚያዝግ የአሲድ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ ወደ ማሽኑ አይገባም።

የብራና ጸሐፊዎች ቀለም ከመንከራቸው በፊት ብራናውን በወስፌ ይወጉና ያሰምሩ ነበር፤ ቀለሙ የሚያርፍበት መስመር አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ለዛሬው ባለሙያ የዚያ ተመሳሳይ የሚሆነው በወረቀት ላይ በእውነተኛ መጠኑ የታተመ ንድፍ ነው። ደንበኛው ስሙን ፊደል በፊደል አንብቦ ይፈርምበታል። ከዚያም ከተመሳሳዩ ቁስ ቁርጥራጭ ላይ አንድ ቃል፣ በተለይም ቀለበት ያለው ፊደል የያዘ ቃል ይሞከራል። ሙከራው የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያድነው ደግሞ ሙሉውን ሰሌዳ ነው።